ዝም ያለችው ንብ፦ ነፍሳት ስለ ኦቲዝም ምን ሊነግሩን ይችላሉ?

ክብ የመስታወት ሳህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ውስጡ ከአንድ ቀፎ የወጡ ጥቂት ሠራተኛ ንቦች አሉ። ክዳኑ ገለጥ ይልና ከሌላ ቀፎ የመጣች እንግዳ ንብ ትገባለች። ወዲያው ግርግር ይነሣል። አንዷ በአንቴናዋ ትዳስሳታለች። ሌላዋ ትነክሳታለች። ሦስተኛዋ ለመንደፍ ሆዷን ታጥፋለች። ጥግ ላይ ግን አንዲት ንብ አለች። አልተጠጋችም፤ አልሸሸችም። ምንም የተፈጠረ አይመስላትም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገ ንግሥት የምትሆን እጭ ለእነዚሁ ንቦች ትቀርብላቸዋለች። አንዳንዶቹ ጠጋ ብለው መመገብ ይጀምራሉ። ያቺ ንብ አሁንም ዝም። እንግዳ ሲመጣ ዝም፣ ልጅ ሲቀርብላት ዝም።

ይህን ሙከራ የሠሩት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ቡድኑን የመሩት ስለ ንብ ባህርይና ዘረመል ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ጂን ሮቢንሰን ሲሆኑ፣ የጥናቱ ዋና ጸሐፊ ሀጋይ ሽፒግለር ነው። ውጤቱ የታተመው በ2017 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዝም ካሉት ንቦች አእምሮ ውስጥ የትኞቹ ጂኖች ከሌሎቹ ንቦች በተለየ መጠን እንደሚሠሩ ለኩ። ከዚያ ያንን ዝርዝር በሰው ልጅ ላይ ከኦቲዝም ጋር ከተያያዙ ጂኖች ዝርዝር ጎን አስቀመጡት። ሁለቱ ዝርዝሮች በአጋጣሚ ሊገጥሙ ከሚችሉት በላይ ገጠሙ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይከተላል። አንዱ «ንቦችም ኦቲዝም አለባቸው» የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ለምን ስህተት እንደሆነ እመለስበታለሁ። ሌላው ደግሞ የወላጅ ጥያቄ ነው። «ስለ ልጄ ለማወቅ ንብና ዝንብ ምን ይፈይዱልኛል?» ይህ ጥያቄ ከባድም ተገቢም ነው። ቁጣ ቢኖርበትም አይገርመኝም። ማንም ሰው ልጁ ከነፍሳት ጋር እንዲነጻጸር አይፈልግም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከእናት ወቀሳ እስከ መንትዮች

ኦቲዝም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከሰው ጋር የመግባባት መንገድ ይለያል። አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ በጣም መመሰጥ፣ ድምፅና ብርሃን ከሌላው ሰው በላይ መሰማት ይኖራል። አንዱ በቃል አይናገርም። ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች። ሁለቱም በዚያው ስም ይጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል።

በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጽሑፍ ነው ኦቲዝምን በሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ግን ያሳዝናል። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በእናቶች ላይ ተጣለ። እናትየዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች፣ ፍቅር ስለነፈገች ልጁ ወደ ራሱ ተሸሸገ ተባለ። ስንት እናት ይህንን ተሸክማ እንደኖረች ሳስብ ልቤ ይደማል። ምንም ማስረጃ አልነበረውም።

ያንን ወሬ ከሥሩ ያናጋው በ1977 የታተመ አነስተኛ ጥናት ነው። ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ኦቲዝም ነበረው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዲኤንኤያቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች በግማሽ ያህል ብቻ ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ እናት፣ በአንድ ቤት ያድጋሉ። ጥፋቱ የአስተዳደግ ከሆነ በሁለቱ መካከል ልዩነት መታየት የለበትም።

ልዩነቱ ግን ታየ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው። ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች በአንዱም አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ነው። መንገዱን ግን ከፈተ። በ2019 የወጣ፣ በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የዳሰሰ ጥናት በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከዘር የመጣ መሆኑን ገምቷል። ልብ በሉ፤ ይህ ማለት «የአንድ ልጅ ኦቲዝም 80 በመቶው ከወላጁ ነው» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሕዝብ መካከል ስላለ ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ልጅ አይደለም።

ስለ ክትባት ደግሞ በአጭሩ ልበል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍ በ2010 በራሱ መጽሔት ተሰርዟል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። ይህ ያለቀለት ጉዳይ ነው።

ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር

ታዲያ ከዘር ነው ሲባል አንድ «የኦቲዝም ጂን» አለ ማለት ነው? የለም። መንገዱ ብዙ ነው። ሁለቱን ልጥቀስ።

አንደኛው ከባድ ምት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሲፀነስ በእናቱም በአባቱም የሌለ ከ60 እስከ 70 የሚደርስ አዲስ የዲኤንኤ የፊደል ለውጥ ይዞ ይመጣል። ሁላችንም ይዘን መጥተናል። አብዛኛው ምንም አያደርግም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ለውጥ ለአእምሮ ዕድገት ወሳኝ በሆነ ጂን መሐል ያርፋል። ያን ጊዜ ጂኑ ሥራውን ያጎድላል። የማንም ጥፋት አይደለም። ወላጆቹ ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር የለም።

ሁለተኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ዓይነት ነው። በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ትንሽ ግፊት ያላቸው ለውጦች አሉ። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። በሺዎች ሲደመሩ ግን ሚዛኑን ይደፋሉ። ከኦቲዝም የዘር ድርሻ ትልቁ ክፍል በዚህ በኩል እንደሚመጣ ይታመናል።

በከባዱ ምት በኩል ያለው ፍለጋ በጣም ርቋል። በ2020 ከ35,000 በላይ ሰዎችን ናሙና የመረመረ ዓለም አቀፍ ቡድን ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ለየ። አብዛኞቹ በሁለት ጎራ ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሌሎች ጂኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ናቸው። የተቀሩት የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መገናኛ ላይ ይሠራሉ።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። እጃችን ላይ ያለው የስም ዝርዝር ነው። ስም ደግሞ ሥራ አይናገርም። ይህ ጂን ምን ይሠራል? ሲጎድል ምን ይበላሻል? መቼ? በየትኛው ሴል? ይህንን ለማወቅ ጂኑን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ዝንብ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዝንብ ለምን ተመረጠች?

የበሰለ ፍራፍሬ ላይ የምታንዣብበዋን ትንሿን ዝንብ ሁላችንም እናውቃታለን። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 በቀይ ዓይናሞች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ አገኘ። ያንን ዝንብ ተከትሎ ጂኖች በክሮሞዞም ላይ እንደሚቀመጡ አሳየ፤ በ1933 ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ የዘረመል ሳይንስ ከዝንብ ተለይቶ አያውቅም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ10 ቀን ገደማ ከእንቁላል ተነሥታ ሙሉ ዝንብ ትሆናለች። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ መቶዎችን ማርባት ይቻላል። 14,000 ያህል ጂኖች አሏት፤ እኛ 20,000 ያህል። በሰው ላይ በሽታ ከሚያስከትሉ ጂኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ በዝንብ ውስጥ ዘመድ አላቸው። የእኛና የነፍሳት የጋራ ቅድመ አያት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቢርቅም፣ ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርበት መሣሪያ በመሠረቱ አልተለወጠም። አእምሮዋ ደግሞ 140,000 የማይሞሉ የነርቭ ሴሎች ያሉት ነው። በ2024 የእያንዳንዱ ሴል ግንኙነት ሙሉ ካርታ ታትሟል። የእኛ አእምሮ 86 ቢሊዮን ያህል ሴሎች አሉት፤ ለእሱ እንዲህ ያለ ካርታ የለንም።

አንድ ጂን በቅርበት እንይ። ስሙ ኤፍኤምአር1 ነው፤ በ1991 ነው የተገኘው። የሚቀመጠው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። በጂኑ መግቢያ ላይ ሲ፣ ጂ፣ ጂ የሚሉ ሦስት ፊደሎች ይደጋገማሉ። በአብዛኛው ሰው 30 ጊዜ ያህል። በአንዳንድ ቤተሰብ ድግግሞሹ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየረዘመ ይሄዳል። ከ200 ሲያልፍ ሴሉ ጂኑን ይዘጋዋል። የተዘጋ ጂን ፕሮቲን አያወጣም። የሚከተለው ሁኔታ ፍራጃይል ኤክስ ይባላል። የመማር ችግር ያመጣል፤ ብዙዎቹ ልጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የኦቲዝም ምልክቶች ይታዩባቸዋል። ወንዶች ኤክስ ክሮሞዞማቸው አንድ ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያ የላቸውም።

ይህ ጂን የሚያወጣው ፕሮቲን ፍሬን ነው። ነርቭ ከነርቭ በሚገናኝበት ቦታ ላይ አዳዲስ ፕሮቲኖች ያለ ልክ እንዳይመረቱ ይይዛል። ፍሬኑ ሲጠፋ ምርቱ ልቅ ይሆናል። መገናኛው የማያስፈልገውን ይገነባል፤ የሚያስፈልገውን ማጽናት ይቸግረዋል።

የዝንብ አቻው ጂን ሲወጣስ? ወንዱ ዝንብ ሴቷን ሲያሽኮረምም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል። ይከተላታል። በፊት እግሩ መታ መታ ያደርጋታል። ከዚያ አንዱን ክንፉን ብቻ ወደ ጎን ዘርግቶ ያርገበግበዋል። ያ ድምፅ ዘፈኑ ነው። ጂኑ የጎደለው ወንድ ይህንን ይጀምርና መሀል ላይ ይተወዋል። ትምህርቱም ደካማ ነው። ጤነኛ ወንድ ዝንብ ቀድማ ከሌላ ወንድ ጋር የተራከበች ሴት ደጋግማ ስትገፋው ይማራል፤ ለሌላዋም ቢሆን ለጊዜው ቀዝቀዝ ይላል። ጂኑ የሌለው ግን እንቢታዋን አያስታውስም። እንቅልፉም ሰዓቱን ይስታል። በአእምሮው ውስጥ የእንጉዳይ ቅርጽ ባለውና ትምህርትን በሚያስተናግደው ክፍል ያሉት የነርቭ ክሮች ከድንበራቸው አልፈው ያድጋሉ።

በ2005 በአሜሪካ የታተመ ሥራ ይህንን አንድ እርምጃ ወሰደው። ጂኑ ለሌላቸው ዝንቦች የተወሰነ የነርቭ መልእክት ተቀባይን የሚያለዝብ መድኃኒት ወይም ሊቲየም ተሰጣቸው። ማሽኮርመሙም ትዝታውም ተሻሻለ። አይጦች ላይም ተመሳሳይ ተስፋ ታየ። ይህንን መጀመሪያ ሳነብ በጣም ነበር የተደሰትኩት። ቤተሰቦችም ተደሰቱ፤ ልጆቻቸውን ለሙከራ አስመዘገቡ። ከዚሁ ወገን የሆነ ማቮግሉራንት የተባለ መድኃኒት በሰዎች ላይ ተሞከረ። አልሠራም። በ2014 ለፍራጃይል ኤክስ መድኃኒት የማድረጉ ሥራ ቆመ።

ለምን አልሠራም? አንዳንዶች የተሞከረባቸው ወጣቶችና አዋቂዎች ስለነበሩ ዘግይቷል አሉ። ሌሎች ለውጥ የሚለካበት መንገድ ደካማ ነበር አሉ። እኔ ከዚህ የያዝኩት ነገር አለ። ዝንብ የጂኑን ሥራ በትክክል ነግራናለች፤ ፍሬን መሆኑ እውነት ነው። የአንድን ሰው ሕይወት የሚያቀልለው ምን እንደሆነ ግን ልትነግረን አልቻለችም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ሲዘነጋ ነው ቤተሰብ የሚጎዳው።

የካናዳዋ አን ሳይመን ያጠኑት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ዝንቦች እርስ በርስ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚያርፉ ይለካል። ዝንቦቹ ሦስት ማዕዘን ባለው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ይገባሉ። መታ ተደርጎ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሲረጋጉ ፎቶ ይነሣል። በእያንዳንዱ ዝንብና በቅርብ ጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። በቃ፣ ሙከራው ይኸው ነው። ቀላልነቱ ነው የሚያምረው። በ2003 በሁለት የስዊድን ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ባላቸው ወንድማማቾች ላይ የተገኘ ኒውሮሊጂን የሚባል የጂን ወገን አለ። ፕሮቲኑ በአንደኛው ነርቭ በኩል ቆሞ በወዲያኛው ነርቭ ላይ ካለው ባልደረባው ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል። የእነዚህ ጂኖች የዝንብ አቻ ሲነካካ በዝንቦቹ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል።

ወደ ንቧ እንመለስ

ዝንብ አንድን ጂን አውጥቶ ለማየት ትመቻለች። ንብ ግን ሌላ ስጦታ አላት፤ ማኅበራዊ ኑሮ። የሮቢንሰን የሥራ መዝገብ የሚያስደንቀኝም ለዚህ ነው። ከኦቲዝም አልጀመሩም። የጀመሩት «አንዲት ንብ ዛሬ ምን ሥራ እንደምትሠራ ማን ይነግራታል?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ሠራተኛ ንብ በሕይወቷ ሥራ ትቀያይራለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ቀፎ ውስጥ ሞግዚት ሆና እጭ ትመግባለች። ከዚያ ወጥታ አበባ ትቀስማለች። በ2003 ቡድናቸው የ60 ንቦችን አእምሮ መርምሮ፣ በጂኖቹ እንቅስቃሴ ብቻ የትኛዋ ሞግዚት የትኛዋ ቀሳሚ እንደሆነች ለመለየት ሞከረ። 57ቱን በትክክል ለየ። ስለ ንቧ ሌላ ምንም ሳያውቁ ሥራዋን ከአእምሮዋ አነበቡት ማለት ነው።

ከዚያ በፊት በ2002 ደግሞ ከዝንብ የመጣ አንድ ጂን ተከትለዋል። ማርላ ሶኮሎውስኪ የተባሉ ካናዳዊት ሳይንቲስት በ1980 የዝንብ እጮች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ጽፈው ነበር። አንዳንዶቹ ምግብ ላይ እየተዘዋወሩ ይበላሉ፤ ሌሎቹ አንድ ቦታ ረግተው ይበላሉ። ልዩነቱ የአንድ ጂን ነው። የሮቢንሰን ቡድን ያንኑ ጂን በንብ ውስጥ ፈለገው። ቀሳሚዎቹ ላይ ከሞግዚቶቹ ይልቅ ገኖ ተገኘ። ቀፎው ቀሳሚ ሲያጣና ወጣቶቹ ያለ ዕድሜያቸው ለቀሰም ሲወጡ ጂኑም በእነሱ ላይ ይገናል።

እዚህች ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ስለ ዘር ስናወራ ብዙዎቻችን ጂንን እንደ ተጻፈ ዕጣ እናየዋለን። ንቧ ግን ሌላ ታሳየናለች። ጂኑ ያው ነው፤ የሚሠራበት መጠን ግን በጎረቤት ይወሰናል። ጂን ኑሮን ይቀርጻል፤ ኑሮም መልሶ ጂኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

በ2006 የንብ ሙሉ ዲኤንኤ ተነበበ፤ ሮቢንሰን ከዓለም አቀፉ ቡድን መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያ ነው በ2017 ዝም ወዳለችው ንብ የደረሱት። ጥናቱ ያተኮረበት የአእምሮ ክፍልም ያው የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ነው።

«ከአጋጣሚ በላይ ገጠመ» ማለት ምን እንደሆነ በምሳሌ ልናገር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ከረጢት ውስጥ 1,000 ስሞች አሉ። አንዱ ሰው ዝም ብሎ 100 ያወጣል። ይመልስና ሌላው 100 ያወጣል። በዕድል ብቻ 10 ያህል ስሞች በሁለቱም እጅ ይገኛሉ። 11 ቢሆን ማንም አይገረምም። 30 ቢሆን ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ ብለን እንጠይቃለን። በንቧ ጥናት የሆነው ይህን የሚመስል ነው። ጠንካራ ያደረገው ደግሞ ማነጻጸሪያው ነው። ከሌሎች የንብ ባህርያት የመጡ የጂን ዝርዝሮችን ሞከሩ፤ አልገጠመም። ከሌሎች የሰው የባህርይና የጤና ሁኔታዎች የመጡትንም ሞከሩ፤ አልገጠመም። መግጠሙ የኦቲዝም ብቻ ነበር።

ንቧ ኦቲዝም አላት ማለት ነው? አይደለም። ኦቲዝም የሰው ልጅ ሁኔታ ነው። የሚታወቀው በሰው ንግግር፣ በሰው ልጅነት፣ በሰው ስሜት ውስጥ ነው። ሮቢንሰን ራሳቸው ሰው ትልቅ ንብ፣ ንብም ትንሽ ሰው እንዳልሆኑ አስጠንቅቀዋል። ጥናቱ የሚለው ይህ ነው፦ ለጎረቤት ምላሽ የመስጠትን ነገር በንብ አእምሮ የሚያስተካክሉት ጂኖችና በሰው ላይ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ጂኖች ይዘማመዳሉ። መሣሪያው የጥንት ነው። የተሠራው ቤት ግን ለየብቻ ነው።

ደግሞም ንቧን «ጆሮ ዳባ ልበስ አለች» ብሎ መደምደም አደጋ አለው። ጉንዳኖችን እዩ። በ2017 ሁለት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ለማሽተት የሚያስፈልግ ኦርኮ የተባለ ጂን ከጉንዳን አወጡ። ጉንዳኖቹ ከመንጋው ተለይተው ብቻቸውን መንከራተት ጀመሩ። ጓደኞቻቸው የተዉትን የሽታ ዱካ አይከተሉም። ከውጭ ለሚያያቸው ወገናቸውን የጠሉ ይመስላሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። አይሸታቸውም። ጉንዳን ወገኑን የሚያውቀው በማሽተት ነው፤ ያ ሲዘጋ ወገን የት እንዳለ አያውቅም።

ይህ ምሳሌ ስለ ሰውም ያሳስበኛል። አንድ ልጅ ሲጠሩት ዞር ሳይል ሲቀር «ሰው አይወድም» ይባላል። ምናልባት የክፍሉ ጫጫታ ከስሙ በላይ እየጮኸበት ይሆናል። ምናልባት ሰምቷል፤ ምላሹ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ነው። ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ራሳቸው ይህንን ደጋግመው ነግረውናል። ከውጭ የሚታይ ዝምታ ምክንያቱን አይናገርም። ጉንዳንን ለመረዳት አንድ ጂን ማውጣት ካስፈለገ፣ ሰውን ለመረዳት ቢያንስ መጠየቅና መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በኦቲዝም ዘረመልና በነፍሳት ባህርይ ላይ የሠራ የአንድ ሳይንቲስት መዝገብ ሲያጋጥማችሁ ከጽሑፎቹ ብዛት በፊት የማነጻጸሪያውን ነገር እዩ። ነፍሳቱ እንደልብ መራመድና ማሽተት እንደሚችሉ ተረጋግጧል? አንድ ዝንብ እግሩ ከደከመ አያሽኮረምም፤ ያ የማኅበራዊ ባህርይ ጉዳይ አይደለም። ሌላ ቤተ ሙከራ ደግሞ ሞክሮታል? ከዝንብ ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው ሲሻገር ጸሐፊው ቃሉን ቆጠብ ያደርጋል ወይስ ይፈነጥዛል? እኔ ቆጠብ የሚለውን አምናለሁ።

ለወላጁ ጥያቄም መልሱ ያለው በዚህ በኩል ነው። አንድ ቤተሰብ የልጁን ዲኤንኤ ያስመረምራል። ወረቀቱ ሲመጣ አንድ ጂን ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ ተጽፏል። ከጎኑ «ትርጉሙ ገና ያልታወቀ» ይላል። ይህ ቃል ለወላጅ መራራ ነው። ስም አለ፤ መልስ የለም።

በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያሉ ለውጦችን በዝንብ የሚፈትኑ ቤተ ሙከራዎች አሉ። ከታወቁት አንዱ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው የሁጎ ቤለን ቡድን ነው። በ2022 ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የተገኙ ብዙ አዳዲስ ለውጦች በዚህ መንገድ ተፈትነው ውጤቱ ታትሟል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዝንቡ የራሱ ጂን እንዳይሠራ ይደረጋል። ዝንቡ ይደክማል፤ አንዳንዴም በሕይወት አይቆይም። ከዚያ የሰው ጂን፣ ጤነኛው ቅጂ፣ በምትኩ ይገባል። ብዙ ጊዜ ዝንቡ ያገግማል። ከእኛ አካል የተወሰደ ጂን በዝንብ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በመጨረሻ በሌላ ዝንብ ላይ የልጁ ቅጂ ይገባል፤ ያ አንድ ፊደል የተለወጠበት።

ከዚያ ይጠበቃል። ዝንቡ እንደ ጤነኛው ተነሥቶ የጠርሙሱን ግድግዳ ከወጣ፣ ለውጡ ምናልባት ጉዳት የለውም፤ ፍለጋው ወደ ሌላ ጂን ይዞራል። ታች ቀርቶ ከተንፏቀቀ ግን ያ ፊደል ሥራ እንዳጎደለ ምልክት ተገኘ። ሐኪሙ ይህንን ከሌላው ማስረጃ ጋር ይደምረዋል። «ትርጉሙ ገና ያልታወቀ» የሚለው ቃል ሊሰረዝ ይችላል። ቤተሰቡም ያንኑ ጂን በተመለከተ በዓለም ላይ ያሉ ሌሎች ቤተሰቦችን መፈለግ ይጀምራል፤ ልጆቻቸው ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚተኙ፣ ምን እንደሚያስቃቸው ለመጠየቅ።